ከገጽ ዘጠና ስድስት በኋላ

በሰፈራችን ክርክር የሚያበቃው በሁለት ነገር ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ወይም ጋሼ እጃቸውን አንሥተው "አራት ነጥብ!" ሲሉ። መብራቱ ሲመጣ ክርክሩም ተመልሶ ይመጣል፤ እሳቸው ከተናገሩ ግን አለቀ። ስማቸውም በዚያው ጋሼ አራት ነጥብ ሆኖ ቀረ። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቁት ባለቤታቸውና የጡረታ ቢሮው ብቻ ይመስሉኛል።

ዕድሜያቸውን ሙሉ አራሚ ነበሩ። አንድ ትልቅ ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ ከማሽኖቹ ጀርባ ባለች መስኮት የሌላት ክፍል ተቀምጠው፣ ሰው የጻፈውን ሁሉ ከመታተሙ በፊት እያነበቡ ስህተት ይለቅማሉ። ከመስመሩ ሥር ማስመሪያ ያኖራሉ፣ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ያደርጋሉ፣ ማስመሪያዋን አንድ መስመር ዝቅ ያደርጋሉ። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። ታዲያ ሥራው ሥራ ቦታ አልቀረም፤ እየተከተላቸው ሰፈር ገባ። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ የሰቀለውን ጽሑፍ አንድ ቀን ቆመው ሲያርሙበት "ጋሼ፣ እኔ ሱሪ ነው የምሰፋው፣ ድርሰት አይደለም" ቢላቸው፣ "ሱሪውንም አይቼዋለሁ" ብለውት ሄዱ።

ባለቤታቸውን እትዬ እንላታለን። የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናት፤ እጇ በሳሙና ብዛት ነጥቶ የተጨማደደ፣ አፏ ዝግ። እንደኔ ሐሜት ጠጥቶ ላደገ ሰው እንደሷ ያለ ጎረቤት መላክ ቅጣት ነው። እነሱ ከግድግዳው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ፤ ግድግዳውም ስስ ጣውላ ነው፣ ሳል እንኳ አይከለክልም። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ከእትዬ ቃል ይልቅ የድስቷ ክዳን ብዙ ያወራ ነበር።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ኩላሊቷ ታሞ አልጋ ላይ ስትውል አልጋዋን መስኮቱ ሥር አደረጉላት፤ መንገዱን ስታይ ትውላለች። አባቷ ከሥራ ሲገቡ የቀኑን ወሬ ታስረክባቸዋለች፤ ማን ከማን ጋር ቆመ፣ ማን ማንን አይቶ እንዳላየ አለፈ፣ የማን ጫማ አዲስ ነው፣ የማን ጫማ አዲስ መስሎ ቀለም ብቻ ነው። እንዲህ ያለች ወሬኛ ሰፈሩ ዳግም አይወልድም። ለሁላችንም ስም አውጥታልን ነበር። ልብስ ሰፊው ቀጠሮ ስለሚያበዛ "ነገ ና" ተባለ። ዳቦ ሻጯ "ዜና" ሆነች። እኔን "ግድግዳ" ብላኛለች፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

እትዬ ያን ጊዜ ለመድኃኒቱ ስትል ሁለት ፈረቃ ትሠራ ነበር። ስትወጣ ልጅ ተኝታለች፣ ስትገባ ልጅ ተኝታለች። ልጅቷ ያረፈችውም እሷ አንሶላ እያጠበች ነው። ከዚያ ወዲህ የድስቱ ክዳንም ዝም አለ።

ጋሼ ግን ቁጭ ብለው ጻፉ። የልጅቷን ወሬ ሁሉ፣ በልጅቷ አንደበት፣ መንገዱን ከነሰዉ አንድ መጽሐፍ አደረጉት። "የመስኮት ዳር ወሬ" አሉት። ለማንም አላሳዩም። አንድ ቀን እትዬ ስትጠይቃቸው በግድግዳው ሰማሁ፤ ሰማሁ እንጂ አላዳመጥኩም።

"ስለኔም አለበት?"

"አለ እንጂ።"

"ምን ትላለች?"

"ያልታተመ ነገር አይነበብም። ሲወጣ ታነቢዋለሽ።"

"አንዲት መስመር ብቻ..."

"ሲወጣ አልኩሽ። አራት ነጥብ።"

እትዬ ልጇ ምን እንዳለቻት ለመስማት መጽሐፉን መጠበቅ ጀመረች። ጋሼንም የሚያስቸኩል ነገር መጣባቸው፤ ዓይናቸው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አላቸው። ዙሪያው እየጨለመ መሃሉ ብቻ ይቀራል፤ ዓለምን በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው። መሃሉም ቢሆን የሚቆየው ለጥቂት ወራት ነው።

"አንድ መጽሐፍ ለማየት ይደርስልኛል?" ብለው ጠየቁት።

"እንደ መጽሐፉ ውፍረት ነው ጋሼ" ብሎ ሊያጫውታቸው ሞከረ። አልሳቁም።

"ዕድሜዬን ሙሉ የሰው መጽሐፍ አይቻለሁ፤ አንድ የራሴን ሳላይ አልጨልምም" አሉን ያን ሳምንት ልብስ ሰፊው በር ላይ። ነገሩ እንግዲህ ይኸው ነበር፤ ልጃቸው ሽፋኑ ላይ ሆና፣ የልጃቸው ወሬ ታትሞ፣ ዓይናቸው ሳይከዳቸው ማየት።

መጽሐፍ ማሳተም ስንት ዓይነት መንገድ እንዳለው የተማርነው ያኔ ነው። ልብስ ሰፊው እንደ ልማዱ ነገሩን ወደ ጨርቅ ወሰደው።

"በኔ ሙያ ላስረዳችሁ። አንደኛው አሳታሚ ጨርቁንም ክሩንም ከራሱ አድርጎ ይሰፋል፣ ሱቁም የሱ ነው፣ ሲሸጥ ላንተ ቁራሽ ያደርስሃል። ሁለተኛው ጨርቁን አንተ አምጣ፣ ስፌቱ ከኔ፣ ሱሪውን እየተቀያየርን እንለብሰዋለን ይልሃል። ሦስተኛው ራስህ ገዝተህ፣ ራስህ አሰፍተህ፣ ራስህ ለብሰህ፣ መንገድ ላይ ወጥተህ 'እባካችሁ እዩኝ' ማለት ነው።"

"አንተ ጋ የመጣስ?" አለች ዳቦ ሻጯ።

"እኔ ጋ የመጣማ ነገ ይመጣል።"

ጋሼ ከሁሉ በፊት ትልቁ አሳታሚ ጋ ሄዱ። አዘጋጇ አንዲት ወጣት ሴት ናት፤ አንብባው ዓይኗ አብጦ ጠበቀቻቸው። እንወስደዋለን አለች። ወጪው በሙሉ የኛ ነው፣ ሽፋኑም፣ ማስተዋወቁም፣ በየከተማው ማከፋፈሉም፤ እርስዎ ከየሽያጩ ድርሻዎን ይቀበላሉ።

"መቼ ይወጣል?"

"ተራ አለ ጋሼ። ቢፈጥን ሁለት ዓመት።"

"ልጄ፣ እኔ የሁለት ዓመት ዓይን የለኝም።"

"ምን ችግር አለው፣ ሰው ያነብልዎታል" አለቻቸው፣ በቅን ልቧ። አመስግነዋት ወጡ። ደረጃውን ሲወርዱ ግድግዳውን እየዳበሱ እንደነበር የነገረችኝ ዳቦ ሻጯ ናት፤ እሷ ደግሞ እዚያ ምን ትሠራ እንደነበር አልጠየቅኳትም።

ቀጥሎ ግማሽ በግማሽ የሚያሳትመው ሰውዬ ጋ ሄዱ። ሌባ አልነበረም፤ ሰው እንደዚያ ሊያወራበት ይወዳል እንጂ ያወጣቸው መጻሕፍት ንጹሕ ናቸው፣ ውሉም ግልጽ ነው። ወጪውን እንካፈላለን፣ ትርፉንም እንካፈላለን፣ ሦስት ወር አይፈጅም አላቸው። ጋሼ ሊፈርሙ ጎንበስ ብለው ነበር።

"አንዲት ነገር ብቻ" አለ ሰውዬው። "የኔም ገንዘብ ስለሚገባበት ነው። መጨረሻው ይከብዳል። አንባቢ ውሎ ደክሞት ነው መጽሐፍ የሚከፍተው። ልጅቷን ብናድናትስ?"

"ምን አልክ?"

"መጽሐፉ ላይ ነው'ኮ ጋሼ። ተሻላት፣ ተነሣች፣ በመስኮቱ ስታየው የኖረችውን መንገድ በእግሯ ሄደችበት። አስቡት እስቲ!"

"ሐኪሞቹ ያላዳኗትን ልጅ አንተ በኮምፒውተር ልታድናት ነው?" ብለው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡለት።

ቤት ገብተው ለእትዬ ነገሯት። እትዬ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። ከዚያ፣

"ምናለ ቢያድናት" አለች።

"ውሸት ይሆናላ!"

"ይሁና።"

ያን ቀን አራት ነጥብ አላሉም። ወንበር ሲጎተት ብቻ ሰማሁ።

ሦስተኛው መንገድ ቀረ፤ በራስ ወጪ፣ በራስ ኃላፊነት። የጡረታቸውን ጥሪት አወጡ። እትዬ ለክፉ ቀን ብላ ያስቀመጠቻትን ጨመረች፤ "ክፉ ቀን ነው" አለች፣ ሌላ ነገር አላለችም። አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ተገኘች፤ ባለቤቱ ራሱ ማሽኑን ያንቀሳቅሳል፣ ራሱ ስልክ ያነሣል። ሰፈሩ በሙሉ ስለ ራሱ የተጻፈውን ለማንበብ ቸኩሎ ነበርና ምክር በነጻ ይሰጥ ጀመር።

"ጋሼ፣ በራስዎ ሲሆን ስህተት ቢገኝ ማን ይጠየቃል?" አለች ዳቦ ሻጯ።

"እኔ እያለሁ የምን ስህተት!" አሉ።

ጣጣው የመጣው ከዚሁ ነው። አታሚው የመጀመሪያውን የእርማት ወረቀት ላከ፤ ጋሼ ቀይ በቀይ አድርገው መለሱት። ሁለተኛው መጣ፤ መለሱት። ማስመሪያቸውን እያወረዱ፣ በአጉሊ መነጽር ቃሉን ፊደል በፊደል እየመረመሩ፣ አንዱን ወረቀት ሳምንት ያስተኙታል። በቁልፍ ቀዳዳዋ የሚገባው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ የገጹ ዳርና ጥግ ከጨለመባቸው ቆይቷል። አታሚው ራሱ ቤት ድረስ መጣ።

"ጋሼ፣ ባለፈው ያወጡትን ቃል ነው'ኮ አሁን መልሰው ያስገቡት።"

"ባለፈው ተሳስቼ ነበር።"

"በሚቀጥለውስ?"

"በሚቀጥለው እናየዋለን።"

እትዬም ለመነቻቸው። "ይብቃህ፣ ዓይንህ እያለ ይውጣ። ልታየው አይደል የፈለግከው?"

"ስህተት ይዞ ከሚወጣ ሳላየው ልቅር" አሏት። የተመኙትንም አገኙ። የመጨረሻውን ወረቀት ሲፈርሙ ፊርማቸው ከወረቀቱ አልፎ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ወረቀት ጠፋ ተባለ፣ ማሽን ተሰበረ ተባለ፤ መጽሐፉ በካርቶን ሆኖ ሲመጣ ጋሼ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር የሚያዩት ነገር አልነበራቸውም። ከዚያች አዘጋጅ ጋ ተራ ቢጠብቁ ኖሮ ከዚህ የባሰ ምን ይመጣ ነበር? አላልኳቸውም። ሰፈሩ ግን ብሎታል፣ ቀስ ብሎ።

አንዱን መጽሐፍ ከካርቶኑ አወጡ። ሽፋኑን ዳበሱት፤ የልጅቷ ፎቶ ያለበትን በግምት ነክተው ጣታቸውን እዚያው አቆዩት፤ ጣታቸው ያረፈው ግን ዋጋው ላይ ነበር። ማንም አላዛወረላቸውም። ከዚያ ከፍተው ፊታቸውን አስገቡና አሸተቱት።

"ጋሼ" አለ አታሚው፣ "ሁለት ሦስቱን ሰው ያገላብጥልዎትና ከዚያ ተረከብኩ ብለው ይፈርሙልኝ።"

"እኔ ላገላብጥልዎት" ብላ ዳቦ ሻጯ ዘለቀች።

"አንቺ የምትፈልጊው የራስሽን ገጽ ነው። ፊደሉን አንድ በአንድ አይቼዋለሁ። የኔን መጽሐፍ ሌላ ሰው አያርምልኝም። አራት ነጥብ።"

ፈረሙ።

አራሚ የሚያውቀው ፊደል ነው። የሳቸው ሥራ ያለቀው ሁልጊዜ ከማሽኑ በፊት ነበር፤ ስህተት ከፊደል ውጭ ሌላ ቤት እንዳለው አስበውት አያውቁም። መጽሐፍ ግን ሲታተም በትልቅ ወረቀት አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ እየሆነ ነው፤ ይታጠፍና በተራ ተደርድሮ ይሰፋል። ያ ብቻውን የሚሠራ አታሚ ስድስተኛውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አትሞ ሰባተኛውን ረስቶታል። እያንዳንዱ መጽሐፍ ገጽ ዘጠና ስድስት ላይ ይደርስና ወደ ሰማንያ አንድ ይመለሳል፤ እሱን ደግሞ ሲጨርስ መቶ አሥራ ሦስት ላይ ይወጣል።

ያወቅነው በዚያው ቀን ነው። ሁሉም አንድ አንድ ገዝቶ ራሱን ፍለጋ ገባ። ከልብስ ሰፊው ቤት ጩኸት ተሰማ።

"እኔን ብቻ ሁለቴ! አንዴ መሰደቤ አነሰኝ?" ከሰማንያ አንድ ጀምሮ ያለው ወሬ በሙሉ የሱ ነዋ።

ስንስቅ ቆየን። ከዚያ ዳቦ ሻጯ ገጽ ዘጠና ስድስት ላይ ያለችውን የመጨረሻ መስመር ጮክ ብላ አነበበችው፤ "አሁን ደግሞ ስለ እናቴ ላውራ" ይላል። ሳቁ ቆመ። የጠፋው አሥራ ስድስት ገጽ የእትዬ ነው።

"ማን ይነግራቸዋል?" አለ ልብስ ሰፊው። አንዱ ሰማይ አየ፣ አንዱ ጫማውን። ሰፈራችን ከተቆረቆረ ምስጢር ጠብቆ የሚያውቀው ያኔ ነው።

እትዬ ከሥራ ስትመለስ፣ ፀሐይዋ ሳትወርድ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ታነብላቸው ጀመር። እሳቸው ለማዳመጥ ብቻ አይደለም የሚቀመጡት፤ መጽሐፉን በቃላቸው ያውቁታል። እሷ እዚያ ገጽ ላይ ስትደርስ ለመስማት ነው። እኔም ከወዲህ ጆሮዬ ጣውላው ላይ ተለጥፎ ቀርቷል።

"እዚያ ጋ ረጋ በይ፣ ነጠላ ሰረዝ አለ።"

"ረጋ አልኩ'ኮ።"

"አላልሽም። ድገሚው።"

እንዲህ እየተባባሉ ከቀን ወደ ቀን ይቀርባሉ። ልነግራት አስቤ ነበር፤ ውኃ ስትቀዳ ሁለት ጊዜ አጠገቧ ቆሜ ስለ አየሩ አውርቼ ተመለስኩ። አንድ ቀን ልብስ ሰፊው ላይ ደረሱ። አንብባው ጨረሰች፤ ጋሼ ሳቁ። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

"'አሁን ደግሞ ስለ እናቴ ላውራ።'"

ገጽ ሲገለጥ ሰማሁ። ተመልሶ ሲገለጥ ሰማሁ። ሌላ ገጽ፣ ሌላ ገጽ።

"ምነው? ደረስሽ አይደል?"

"ደረስኩ።"

"በይ እንጂ! ይህን ያህል ጊዜ ጠብቀሽ!"

ጉሮሮዋን ጠረገች። ማንበብ ጀመረች፤ የሌለውን።

"'እናቴ ቤት የለችም። እናቴ የሰው አንሶላ ታጥባለች፤ የኔን አንሶላ የሚቀይረው አባቴ ነው። ስትገባ የተኛሁ ይመስላታል። አልተኛሁም። ትቀመጥ እንደሆን ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ነው። አትቀመጥም። ለሁሉም ሰው ስም አውጥቻለሁ፤ ለእናቴ ግን አላወጣሁም፤ በመስኮቱ ስታልፍ እንጂ ቆማ አይቻት አላውቅም...'"

ጋሼ ረጋ በይ አላሏትም። ድገሚው አላሏትም። እሷም ቀጠለች፣ እያነሰች፣ እየደረቀች፣ ለራሷ የሚሆን ክፉ ቃል እስኪያልቅባት ድረስ።

"ስህተት አለ" አሉ ጋሼ።

"የት ጋ?"

"ሁሉም ጋ። ልጄ እንዲህ አላለችም።"

"ገጹ የለም" አለች እትዬ። "ከዘጠና ስድስት ቀጥሎ ሰማንያ አንድ ነው። የኔ... የኔ የለም።"

ጋሼ ወዲያው ገባቸው፤ ማተሚያ ቤት የኖሩ ሰው ናቸው። "አንድ ወረቀት" አሉ፣ ለራሳቸው። "አንድ ሙሉ ወረቀት።" ከዚያ ጣውላው በቡጢ ሲመታ ጆሮዬ ጮኸ።

"ግድግዳ! ሁሉም ላይ ነው?"

ምን ልበል? ውጭ ነኝ ልበል?

"ሁሉም ላይ ነው ጋሼ" አልኩ።

"ዞር በል እንግዲህ ከዚያ።"

ዞር አልኩ፤ ማለት፣ ጆሮዬን ወደ ሌላው ጣውላ አዛወርኩ። ጋሼ ወንበራቸውን ወደ እትዬ ሲያስጠጉ ሰማሁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የጠፋውን ገጽ በቃላቸው ይሏት ጀመር። አንዲት ቃል አልያዝኩም። በሐሜት ባደግሁበት ዘመን ሁሉ ጆሮዬ እንዲህ አዋርዶኝ አያውቅም። ማጉረምረም ብቻ ነው የሚሰማው። አንድ ጊዜ እትዬ ሳቀች፤ ለልጅቷ ለቅሶ ያልወጣው እንባ የወጣው ከዚያ ሳቅ ቀጥሎ ነው፤ መስኮቱ እስኪጨልም አላቆመም።

አታሚው ነገሩን ሲሰማ አፍሮ መጣ። የጠፋውን አሥራ ስድስት ገጽ በራሱ ወጪ አትሞ በየመጽሐፉ መሃል ሊያስገባ፣ ለገዛነውም በየቤታችን ሊያደርስ ቃል ገባ። ሰፈሩ በሙሉ በር ላይ ቆሞ ይሰማል፤ ልጅቷ ለእናቷ ያወጣችው ስም ማን እንደሆነ ለማወቅ ያልጓጓ የለም። ጋሼ ፊታቸውን ወደ እትዬ አዞሩ። ስህተት ያለበት መጽሐፍ እያለ የሌላ ሰው ውሳኔ ሲጠብቁ አይቻቸው አላውቅም።

"አይታተምም" አለች እትዬ። "የኔ ነው። ወደ ሰው አይወጣም።"

"እትዬ፣ መጽሐፉ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል'ኮ" አለ አታሚው።

"ይቅር። እኔም ጎዶሎ ነበርኩላት።"

የእርማት ወረቀቶቹን የት እንዳደረገቻቸው አይታወቅም፤ ዳቦ ሻጯ እንኳ አታውቅም። ካርቶኖቹ ልጅቷ የነበረችበት አልጋ ሥር ተደርድረዋል፤ ጎዶሎ መጽሐፍ ማን ይገዛል። እትዬ ዛሬም ሥራ ትሄዳለች፣ ዛሬም አታወራም። ጋሼ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ አጠገብ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ከፍተው ይቀመጣሉ። አንዳንዴ ሳልፍ አያቸዋለሁ። ማስመሪያዋን ከገጹ የመጨረሻ መስመር ሥር አኑረዋታል፤ ዝቅ አያደርጓትም።